ከጉልበት የወጣች ምስክር

ወልደተንሣኤ ከዘመቻ የተመለሰው በሦስት እግር ነው፤ ሁለቱ የራሱ፣ ሦስተኛው የወይራ ምርኩዝ። ከሦስቱ ደህናው ምርኩዙ ነበር።

በግራ ጉልበቱ ጥይት ገብታ ነበር። ስለ አገባቧ በመንደሩ በዋርካ ሜዳ ሦስት ዓይነት ወሬ ይወራል። አንደኛው የራሱ የወልደተንሣኤ ነው፤ ወደ ጠላት ሲሮጥ ፊት ለፊት ተመታ። ሁለተኛው አብሮት የዘመተው የገብረ ሕይወት ነው፤ «መሮጡንስ ሮጧል፤ ወዴት እንደሚሮጥ ግን አቧራው ጋርዶኝ አላየሁም» ይላል። ሦስተኛው፣ ሴቶች ከወንዝ ሲመለሱ እንስራቸውን ድንጋይ ላይ አሳርፈው የሚያወሩት ነው። መድፍ ሲጎትቱ ገመድ ተበጠሰ፣ መድፉ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ከበስተኋላ የነበረው ጓደኛው ደንግጦ የያዘውን ጠመንጃ ሳያስበው ተኮሰ። የሴቶቹን ማመን ይሻላል። እንስራ አዝሎ ያን ዳገት የወጣ ሰው ለውሸት የሚተርፍ ትንፋሽ የለውም።

ወጌሻው ጥይቷን አውጥቶ «ልወርውራት?» ቢለው፣ ወልደተንሣኤ ጥርሱን እንደነከሰ እጁን ዘረጋ።

«አምጣት! እንደኔ በውድ የገዛት ሰው የለም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቆዳ ከረጢት አድርጎ አንገቱ ላይ አንጠለጠላት። ደብተራው «ክታብ ልጻፍልህ» ሲለው «ክታቤ ተጽፎ ያለቀው ጉልበቴ ላይ ነው» ብሎ መለሰው።

እንግዲህ ስድስት ዓመት መድፍ ጎትቷል። ተኳሽ አልነበረም፤ ተኳሾቹ በቅሎ ላይ ተቀምጠው ይሄዳሉ፣ መድፉን የሚያወጣውና የሚያወርደው የጎታቾቹ ትከሻ ነው። ታዲያ መድፍ የጎተተ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ዓይን ሜዳ ነው ብሎ የሚያልፈውን መሬት ትከሻ ዳገት ነው ይላል፤ ዓይን ዳገት ያለውን ደግሞ መድፉ ራሱ ተንሸራቶ ቁልቁለት መሆኑን ያሳያል። ወልደተንሣኤ ከዘመቻ ያተረፈው ይህን እውቀት፣ ጥይቷንና አንዲት ግራጫ በቅሎ ነው። በቅሎዋን ጭቃ መርገጥ ስለምትጠየፍ «ወይዘሮ» ብሎ ሰየማት። ያለ ወይዘሮ ከደጁ እስከ ቤተ ክርስቲያን መድረስ አይችልም ነበር፤ እግሩ እሷ ናት።

ዋርካ ሜዳ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ እኩሌታ ላይ ያለች መንደር ናት። ሜዳ ትባል እንጂ ለጥ ያለው ቦታ ዋርካው ሥር ያለው ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተንጠልጥሏል። ውሃ የሚቀዳው ከታች ከገደሉ ሥር ነው። ሲወርዱ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ሲወጡ ሳንባ ይቃጠላል። በጥምቀት እንኳ ታቦቱ እዚያ ድረስ ወርዶ ሲመለስ፣ ካህናቱ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ጉልበታቸውን ቅቤ ሲያሹ ይከርማሉ። ከጋራው ጀርባ ግን ሞልቶ የሚፈስ ምንጭ አለ። ውሃው ዝም ብሎ ወደ ገደል ይገባል፤ የሚጠጣው ዝንጀሮ ብቻ ነው።

ይህን ምንጭ ወልደተንሣኤ በወይዘሮ ላይ ተቀምጦ አንድ ክረምት ሙሉ ሲዞረው ከረመ። ከዚያ አዝመራው ሊሰበሰብ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ዋርካው ሥር እንደተሰበሰበ ተነሣና ተናገረ።

«ከጋራው ጀርባ ያለውን ውሃ እዚህ ዋርካ ሥር አመጣዋለሁ።»

ለመልሱ የቸኮለ አንድ ሰው ነበር፤ ጣሰው ይባላል። ጣሰው መሬት አለው፣ ከብት አለው፣ አሰገደች የምትባል ምላሷ የተሳለ ሚስት አለችው፤ የሚወደው ግን ሙግት ነው። የራሱ ጉዳይ ባይኖረው የማያውቃቸውን ሰዎች ክርክር ሊሰማ አንኮበር ድረስ ይወጣ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ የተነሣ ጊዜ አገሩ ሁሉ ገበያው ቀዘቀዘ ብሎ ሲያዝን፣ ጣሰው «ችሎቱን ይዘውት ሄዱ!» ብሎ ሦስት ቀን ተኝቷል። የሚቀመጥባትን ሰንጋ የምታህል ጥቁር በቅሎም ያገኛት ተወራርዶ በሙግት ረትቶ ነው፤ ስለዚህ ከልጅ አስበልጦ ይወዳታል።

«በምን ታመጣዋለህ ወንድሜ?» አለ ጣሰው። «በመድፍ ተኩሰህ?»

«በቦይ።»

«ቦይህ ጋራውን ይዘላል?»

«ይዞረዋል።»

«ዓይንህን ነው እንዴ የተመታኸው? ምንጩ ከዚህ ዝቅ ያለ አይደለም? ወይስ ውሃው አንተን ሲያይ ሽቅብ ይሄድልሃል?»

«ዝቅ ያለ የሚመስለው ጋራው ስለሚያታልል ነው። እኔ በዓይኔ አላየሁትም፤ በትከሻዬ ነው ያየሁት።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። «ትከሻው አየ!» የሚለው ቃል ከአፍ አፍ እየዞረ ዋርካው ላይ ያሉት ወፎች እስኪበሩ ተሳቀ። ጣሰው ግን አልሳቀም፤ ተነሣ፣ ኩታውን አጣፋ፣ በትሩን ወደ ፊት ዘረጋ። ሰው ሁሉ ምን ሊመጣ እንደሆነ አወቀ።

«በላ ልበልሃ! ውሃው እስከ ከተራ ዕለት እዚህ ዋርካ ሥር አይደርስም ብዬ በበቅሎዬ እወራረዳለሁ! አንተስ?»

ወልደተንሣኤ ከዋርካው ጥግ የታሰረችውን ወይዘሮን ዞር ብሎ አያት። ሁሉም አብሮት አያት። በቅሎ የሌለው ጣሰው በእግሩ ይሄዳል፤ በቅሎ የሌለው ወልደተንሣኤ ግን ከቤቱ አይወጣም።

«በበቅሎዬ» አለ።

ጭቃ ሹሙ ኃይለ ገብርኤል ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌ ናቸው፤ ዳኝነት ሲቀመጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ይተኙ ይስሙ ማንም አያውቅም። «ንጉሥ ይሙት በሉ» አሉ። ሁለቱም ማሉ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጣሰው ቤቱ ሄዶ እግሩን ሰቅሎ እስከ ከተራ ይጠብቅ ነበር። ግን ሰው ሁሉ እያየው ነው፤ በትሩም እጁ ላይ ነው።

«ጌታዬ! ይህ ሰው ወታደር ነበር። ወታደር ማምለጥ ያውቅበታል። አንድ ቀን በቅሎዋን ይዞ ቆላ ቢወርድ ማን ይመልስልኛል? ቁራኛ ይሰጠኝ!»

ቁራኛ ማለት ሁለት ሰው ኩታ ለኩታ ተቋጥሮ ነገሩ እስኪለይ አብሮ መዋል ነው። ቋጠሮውን በራሱ እጅ የፈታ ተረታ።

«ይሁን» አሉ ጭቃ ሹሙ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «ከማን ጋር ይቆራኝ?»

ጣሰው ዙሪያውን ተመለከተ። አዝመራ ደርሷል፤ ጤፍ ቆሟል። አንዱ ሳል ያዘው፣ ሌላው በሬው እንደጠፋ ድንገት ትዝ አለው።

«እንግዲህ ጠያቂው ራሱ ይሁን» አሉ ጭቃ ሹሙ።

ጣሰው የዘረጋውን በትር ቀስ ብሎ አወረደ። ጭቃ ሹሙ ቋጠሮውን በገዛ እጃቸው አጠበቁት። አሰገደች ከሴቶቹ መሐል እልል አለች። በኋላ ስትጠየቅ «ለጌታው ክብር ነው» ብላለች።

እንዲህ ሆኖ እስከ ከተራ የቀረው አርባ ቀን ተጀመረ። ማታ ማታ ሁለቱ ኩታዎች እንደተቋጠሩ ጭቃ ሹሙ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ያድራሉ፤ ባለቤቶቻቸው ብርድ እያንዘፈዘፋቸው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ጠዋት መጥተው ይለብሷቸዋል። ኩታዎቹ ከባለቤቶቻቸው ቀድመው ታረቁ እየተባለ ይወራ ነበር።

ወልደተንሣኤ ለሥራው አንድ መሣሪያ ሠራ። ሁለት የጥድ እንጨት አናታቸውን አስሮ እግራቸውን እንደ ለ ፊደል ከፈታቸው። በመሐል አግዳሚ አደረገ፤ አግዳሚው እኩሌታ ላይ በቢላዋ ምልክት ጫረ። ከአናቱ ክር አወረደ፤ ክሩ ጫፍ ላይ ከጉልበቱ የወጣችውን ጥይት አንጠለጠለ። ሁለቱ እግሮች የቆሙበት መሬት እኩል ከሆነ ጥይቷ ምልክቱ ላይ ትቆማለች፤ ካልሆነ ዝቅ ወዳለው ጎን ታዘነብላለች። እሱ የሚፈልገው የስንዴ ፍሬ ያህል ወደ ፊት እንድታዘነብል ነው። ከዚያ ከበለጠ ውሃው ሮጦ ቦዩን ይንዳል፤ ካነሰ ተኝቶ ይቀራል። ስሙን «ልክ» አለው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጣሰው ሥራ ላለመሥራት ታገለ። ቁጭ ሲል ኩታው ይጎትተዋል። ጥላ ሲያይ ወልደተንሣኤ ፀሐይ ላይ ነው። ምርኩዙን ይዞ የሚያነክስ ሰው ደግሞ በአንድ እጁ ልኩን ማንሳት አይችልም። አጋጣሚ ሆኖ ኩታ ለኩታ የተቋጠሩ ሁለት ሰዎች ተራርቀው የሚቆሙት ልክ የልኩን ሁለት እግር ያህል ነው። በአራተኛው ቀን ጣሰው የፊተኛውን እግር ያዘ።

«እየረዳሁህ አይደለም» አለ። «ከመቆም ይሻላል ብዬ ነው።»

«ማን ረዳኸኝ አለህ?» አለ ወልደተንሣኤ። «ትንሽ ወደ ገደሉ አድርጋት።»

ሰዉ አዝመራውን እየጨረሰ በደቦ ይወጣ ጀመር፤ ሁለቱ በነጭ ድንጋይ ምልክት ያደረጉበትን እየተከተለ ይቆፍራል። ከአልዩ አምባም ዓወል መጣ። ዓወል ከቆላ እስከ አንኮበር ጨው የሚያመላልስ ነጋዴ ነው፤ እርሻውም ቆላ ነው፣ እርከን መካብ ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነው። የመጣበትን ምክንያት አልደበቀም።

«በቅሎዎቼ እዚህ ሲደርሱ ምላሳቸው ወጥቶ ነው። ውሃው ከመጣ መንገዱ ዳር ለከብት አንድ ገንዳ ታወጡልኛላችሁ። እኔ ገደሉን እክብላችኋለሁ።» ከዚያ ሁለቱን ሰዎችና በመሐላቸው የቆመውን ባለ ሁለት እግር እንጨት አየ። «ወላሂ፣ ሠርጉ የማን ነው? ሙሽራዋ ቀጠነች!»

«ሙሽራዋ ደህና ናት» አለች ምሳ ይዛ የመጣችው አሰገደች። «የኔን ባል ድንጋይ አስነስታዋለች። ሃያ ዓመት ለምኜው ያልሆነልኝን። እባካችሁ ያቺን ቋጠሮ ደህና አድርጋችሁ ጠብቁልኝ!»

«አንቺ ዝም በይ!» አለ ጣሰው።

«ዝም ብያለሁ ጌታዬ። ደግሞ ያቺን ቀኝ በኩል ያለችውን ድንጋይ ረስተዋታል።»

ቦዩ የጋራው አፍንጫ ላይ ሲደርስ መሬቱ አለት ሆነ። እንጨት ከምረው ያነድዳሉ፤ አለቱ ሲግል ሴቶቹ ከታች ያመጡትን ቀዝቃዛ ውሃ ይደፉበታል፤ አለቱ እንደ ጠመንጃ እየጮኸ ይሰነጠቃል። በጮኸ ቁጥር ወልደተንሣኤ ጉልበቱን ይይዛል፤ ገብረ ሕይወት ደግሞ ከሩቅ ሆኖ «አሁንም ወዴት እንደሚሮጥ እንይ!» ይላል። ጣሰው በዚህ ጊዜ ሥራውን ለምዶ ነበር፤ «አንተ በዶማህ አትዘፍንበት፣ ቆፍርበት!» እያለ ደቦውን ያዝዛል። ልኩን ግን ወደ ፊት ሲያራምድ አያነሳውም፤ ይጎትተዋል። ለሱ ከመናገር ሌላ የሚያደክም ሥራ ሁሉ ከባድ ነው።

ለከተራ ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ አለቱን ካለፉ በኋላ፣ ጣሰው አንድ ነገር አየ። ጥይቷ የስንዴ ፍሬ ያህል ወደ ፊት አዘንብላለች፤ «ልክ ነው» አለ ወልደተንሣኤ። ጣሰው ግን የያዘውን እግር ጫፍ ሲያይ እንጨቱ ተፍቆ አልቋል። አለቱ በልቶታል። የፊተኛው እግር ካጠረ እንጨቱ ራሱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ጥይቷም መሬቱ ሳይወርድ የወረደ ይመስላታል። ይህ ማለት ከአለቱ ወዲህ የአራት ቀን ቦይ ሽቅብ ተቆፍሯል ማለት ነው። ውሃው እዚህ ሲደርስ ይቆማል፤ ወይዘሮም የጣሰው ትሆናለች። ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝም ማለት።

ምሳ መጣ። ጣሰው አልበላም። አሰገደች ግንባሩን ነካችው፣ ትኩሳት የለውም።

«ምን ሆነዋል አንቱ?»

«ምንም።»

ምሳው አልቆ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አንድ ጊዜ ለኩ፤ «ልክ ነው» አለ ወልደተንሣኤ። ጣሰው ጥርሱን ነከሰ። ሁለተኛ ለኩ፤ «ልክ ነው።» የጣሰው አንገት ሥር ተገታተረ። ሦስተኛ ለኩ። ወልደተንሣኤ ጎንበስ ብሎ ጥይቷን አየና «ል...» ከማለቱ ጣሰው ጮኸ።

«ሐሰት! ይህ ምስክር ሐሰተኛ ነው!»

ደቦው ሁሉ ዶማውን አቆመ። ጣሰው ባዶ እጁን ወደ ጥይቷ ዘርግቶ፣ በሌለ በትር አየሩን እየመታ ይሟገታት ጀመር።

«ተጠየቂ! ቁልቁለቱ ወደ ፊት ነው ትያለሽ? እሺ! ምስክር አንድ ጊዜ ተጠይቆ አይታመንም! አዙሩት! የኔን እግር በሱ ቦታ፣ የሱን በኔ ቦታ! እውነተኛ ከሆነች ያው መሬት ያው ነውና ያንኑ ጎን ታሳየን!»

ልኩን ባለበት ቦታ አዞሩት። ጥይቷ ተወዛወዘች፣ ቀስ አለች፣ ቆመች። አሁን ያዘነበለችው ወደ መጡበት ወደ ኋላ ነው።

ወልደተንሣኤ ምርኩዙን ተደግፎ ቆመ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። የተቆፈረውን አየ፣ ከላይ መንገዱ ዳር የምትግጠውን ወይዘሮን አየ፣ በመጨረሻ ጣሰውን አየ።

«ለምን ነገርከኝ?»

«ሐሰተኛ ምስክር አልወድም።»

«በቅሎህ እኮ ናት የምትሄደው።»

«አውቃለሁ! ዝም በልና እንጨት ፈልግ!»

ዓወል ከካቡ ላይ ሆኖ ሳቀ። «አላህ ይስጥህ ጣሰው! ጥይቷስ አልዋሸችም፤ የዋሸው አንተ የጎተትከው እግር ነው።»

«እንግዲያው ራሴን አልከስም» አለ ጣሰው።

አዲስ እንጨት ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ በየቦታው ሁለት ጊዜ ይለካሉ፤ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ አዙረው። ጣሰውም ልኩን እንደ ሕፃን አቅፎ ያነሳው ጀመር። የአራት ቀኑን ሥራ በሦስት ቀን አፍርሰው እንደገና ቆፈሩ፤ የተሰነጠቀው አለት ላይ የተቦረቦረ ግንድ አጋደሙ፤ ዓወል በገደሉ በኩል ካቡን ጨረሰ።

የከተራ ዕለት ታቦቱ ከመንበሩ ተነሥቶ ካህናቱ በር ላይ ቆሙ፤ ወደ ወንዙ ይውረዱ ወይስ ይጠብቁ አላወቁም። ሰው ሁሉ ዋርካው ሥር ነው። ሁለቱ ኩታ ለኩታ እንደተቋጠሩ ቦዩ አፍ ላይ ቆመዋል። ከወዲያ ውሃው ተለቋል፤ ግን ቦዩ ረጅም ነው፣ ደረቁ አፈር ደግሞ ይጠጣል። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል አለች። ጣሰው እንኳ ይጸልይ ነበር፤ ለየትኛው ወገን እንደሆነ ግን አልተሰማም።

መጀመሪያ የመጣው ቅጠል ነው። ቀጥሎ አንድ የደነገጠ እንቁራሪት። ከዚያ አረፋና አፈር የተቀላቀለበት ቡናማ ውሃ፣ ቀስ ብሎ፣ መንገዱን እየጠየቀ እንደሚሄድ እንግዳ፣ ጥጉን እየዳሰሰ መጣና ዋርካው ሥር ተኛ። እልልታው አንኮበር ተሰማ ይላሉ፤ አንኮበር ሩቅ ነው፣ ቢሆንም ይበሉ። ካህናቱ ስለ ጉልበታቸው እያመሰገኑ ታቦቱን ይዘው ወደ ዋርካው አቀኑ። አሰገደች እንስራዋን ደቅና አልሞላችውም፤ ውሃው ሲያልፍ ቁጭ ብላ አየችው።

ጭቃ ሹሙ ዓይናቸውን ገለጡ። «ጣሰው፣ ተረታህ።»

«ተረታሁ» አለና የጥቁሯን በቅሎ ልጓም ለወልደተንሣኤ አስጨበጠ። ፊቱን ግን ወደ ዋርካው አዞረ።

«በሉ እንግዲህ ቋጠሮውን ልፍታላችሁ» አሉ ጭቃ ሹሙ። ቢሞክሩ አልፈታ አለ። አርባ ቀን ላብ፣ ጭቃና አመድ ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል። ካህኑ ሞከሩ፣ ዓወል በጥርሱ ሞከረ፤ አልሆነም። አሰገደች ቢላዋ አመጣች።

«የማን ኩታ ይቆረጥ?» አለች።

ጣሰው ጆሮው ቆመ። «የሱ ነው እንጂ! የረታ ደስ ብሎታል፣ ኩታ አያስፈልገውም!»

«ቁራኛ ይሰጠኝ ያልከው አንተ ነህ» አለ ወልደተንሣኤ። «ያንተ ይቆረጥ። ካላመንክ ተወራረድ።»

«በምን ልወራረድ? በቅሎዬን በልተህ!»

«አንተ በአንድ እንስራ ማር፤ እኔ በዚች በጥቁሯ በቅሎ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ጣሰው ኩታውን ሊያጣፋ ፈለገ፤ ተቋጥሯልና የደረሰለትን ያህል አጣፋ። ከዚያ ተሟገተ። ምን ዓይነት ሙግት! ቋጠሮው ከሁለት ወገን ስለመሆኑ፣ የጎተተው ማን ስለመሆኑ፣ ኩታው የእናቱ ፈትል ስለመሆኑ ተናገረ፤ ካህናቱ ታቦቱን ተሸክመው ቆመው ሰሙት። በመጨረሻ የወልደተንሣኤ ተራ ደረሰ።

«እኔ የምለው ብዙ የለኝም» አለ ወልደተንሣኤ። «ኩታዬ አሮጌ ነው፤ ቢቆረጥም ምንም አይደለ።»

ጭቃ ሹሙ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ። «ምስክር አንድ ጊዜ ተጠይቆ አይታመንም ሲባል ሰምቻለሁ። ድገመው።»

«ኩታዬ አሮጌ ነው» አለ ወልደተንሣኤ።

«እንግዲያው ተረታህ። ጣሰው፣ በቅሎህን ውሰድ።»

አሰገደች የወልደተንሣኤን ኩታ ጫፍ ቆረጠች። በዚያው ዋርካ ሥር ሕዝቡ ወልደተንሣኤን የውሃ ዳኛ አደረገው፤ የመስኖው ተራ፣ የዓወል የከብት ገንዳ፣ በኋላም የወንዙ ድልድይ በሱ ቃል ተሠራ። ድልድዩን ሲሠራ ጣሰው ያልተጠራ መጥቶ ልኩን ያዘ፤ አነሳው እንጂ አልጎተተውም።

የወልደተንሣኤ ኩታ ቁራጭ ግን በጣሰው ኩታ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ቀረ። በጥቁሯ በቅሎ ተቀምጦ ሲያልፍ ይወዛወዛል። ኩታው በታጠበ ቁጥር አሰገደች «ይህን ቆርጬ ልጣልልዎ?» ብትለው እሺ አይልም።

«ተይው» ይላል። «ነገራችን ገና አልተለየም።»